ያዩትን እንጂ የገመቱትን አይጻፉ፦ በዓሣ አስጋሪ መርከብ ላይ የታዛቢ መዝገብ ደረጃ በደረጃ

"ታዛቢ" ሲባል ቶሎ በዓይናችን የሚመጣው የምርጫ ጣቢያ ጥግ ላይ ተቀምጦ ኮሮጆ የሚጠብቀው ሰው ነው። ቃሉ ሌላም ፊት አለው፤ "ታዘብኩህ" የተባለ ሰው ምን ያህል እንደሚከብደው ሁላችንም እናውቃለን። የዚህ ጽሑፍ ታዛቢ ከሁለቱም ይለያል። ከሃዋይዋ ሆኖሉሉ ወደብ ተነሥቶ፣ ሲያንስ ሁለት ሳምንት፣ ሲበዛ ከወር በላይ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር እየበላና እየተኛ ይቆያል። ጥበቃ የሚደረግለት የባሕር ኤሊ፣ ወፍ ወይም ዶልፊን መንጠቆ ላይ በመጣ ቁጥር የሆነውን ይመዘግባል። አይከስስም፣ አይፈርድም። ዓሣ አስጋሪውን "ታዘብኩህ" ማለትም ሥራው አይደለም።

ሃዋይን የመረጥኩት የታዛቢ አንድ መስመር ጽሑፍ ምን ያህል ክብደት እንዳለው እዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። የሃዋይ መርከቦች የሚያጠምዱት በረጅም ገመድ ነው። ዋናው ገመድ ከ30 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ አንዳንዴም 100 ይደርሳል። በየመካከሉ ተንሳፋፊ ይታሰርበታል፤ ከተንሳፋፊ እስከ ተንሳፋፊ ደግሞ መንጠቆ የያዙ ቅርንጫፍ ገመዶች ይንጠለጠላሉ። አንደኛው ዓይነት መርከብ ቱና ፍለጋ ገመዱን ወደ ጥልቁ ይሰዳል። ሌላው ሶርድፊሽ የሚባለውን፣ አፉ እንደ ጎራዴ የረዘመውን ዓሣ ለመያዝ ሌሊት ላይ ከውኃው ገጽ ብዙም ሳይርቅ ይዘረጋል። ኤሊዎችን በብዛት ያገኝ የነበረው ይኸኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ተዘጋ፤ በ2004 ሲከፈት ክብ መንጠቆ እንዲጠቀም፣ ለማጥመጃ ምግብ በስኩዊድ ፈንታ ዓሣ እንዲያደርግና በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ታዛቢ እንዲሳፈር ተገደደ። ለዓመቱ የኤሊ ቁጥር ጣሪያ ተበጀለት። በ2006 የሎገርሄድ ኤሊ ጣሪያ የነበረው 17 ሞላና ሥራው ዓመቱ ሳያልቅ ቆመ። ከ2020 ወዲህ ደንቡ ተለውጦ አንድ መርከብ በአንድ ጉዞ 5 ሎገርሄድ ወይም 2 ሌዘርባክ ኤሊ ካገኘ ማጥመዱን አቁሞ ይመለሳል።

ስለዚህ ታዛቢው "ሌዘርባክ" ብሎ ሲጽፍ የሰዎች እንጀራ ላይ እየጻፈ ነው፤ ሳይጽፍ ሲቀር ደግሞ ቁጥሩ እየተመናመነ ባለ ፍጥረት ላይ። በዚህ መካከል የሚያዋጣው መንገድ አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ ያዩትን መጻፍ፣ ያላዩትን አላየሁም ማለት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚያ ዝርዝር ነው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደሚቆጠር ከወደብ ሳይነሡ ይወቁ

ብዙ ሰው "የተያዘ" የሚለው መርከብ ላይ የወጣውን ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ መንጠቆ ከነካው፣ ገመድ ከተጠመጠመበት ወይም ከመርከቡ ጋር ከተጋጨ ይመዘገባል፤ ራሱን አላቅቆ ቢሄድም፣ አንድም ሰው ሳይነካው ቢጠፋም። እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የአሜሪካ የመጥፋት አደጋ የተደቀነባቸው ፍጥረታት ሕግ ማሳደድን፣ ማቁሰልን፣ ማጥመድንና መግደልን በአንድ ቃል ሥር ጠቅልሎ ነው የሚያያቸው። የባሕር አጥቢዎች የራሳቸው የ1972 ሕግ አላቸው። ለተሰዳጅ ወፎች የወጣው ደግሞ 1918 ላይ ነው፤ ከሁሉም ያረጀ።

ዝርዝሩ ያድጋል። ኦሺያኒክ ኋይትቲፕ የሚባለው ነጭ ጫፍ ክንፍ ያለው ሻርክና ግዙፉ ማንታ ሬይ የገቡት በ2018 ነው። ቀደም ሲል እንደ ተራ ተያዥ ዓሣ በአንድ መስመር ይታለፉ የነበሩ እንስሳት ዛሬ የራሳቸው ገጽ ይፈልጋሉ። ያለፈውን ዓመት ዝርዝር ይዞ መሳፈር የጀማሪ ስሕተት ነው፤ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ይሳሳቱታል።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱንና ቦታውን ያስተካክሉ

ይህ ለእኛ ሰው የተለየ ወጥመድ አለበት። "ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት" ብሎ ያደገ ሰው እጁ ሳያስበው 2 ሊጽፍ ይችላል። መዝገቡ የሚያውቀው ባለ 24 ሰዓቱን አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓታችን እዚያ 0800 ነው። አራት አሐዝ፣ ያለ ነጥብ፣ ያለ "ጠዋት" እና "ማታ"።

ቦታው በዲግሪና በደቂቃ ይጻፋል፤ ከመርከቡ ጂፒኤስ ላይ በቀጥታ ተነብቦ እንጂ ካፒቴኑ በቃሉ እንደነገረዎት አይደለም። ምሥራቅና ምዕራብ የምትለዋን ፊደል አይዝለሉ። የሃዋይ መርከቦች ወደ 180ኛው ዲግሪ መስመር ይጠጋሉ፤ ያቺ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ኤሊው ባልነበረበት ባሕር ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ መንጠቆውን ይቁጠሩ

አሰልቺው ሥራ ይህ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የላቀ አድርጌ የማየው ይህንኑ ነው። ጥልቅ የሚጥል መርከብ በአንድ ዝርጋታ ከ2,000 በላይ መንጠቆ ይጥላል። ሶርድፊሽ ፈላጊው ወደ 1,000 ገደማ። ታዛቢው ተንሳፋፊዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ በሁለት ተንሳፋፊ መካከል ስንት መንጠቆ እንዳለ፣ የመንጠቆውን ዓይነትና መጠን፣ የማጥመጃውን ምግብ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተንሳፋፊ የተጣለበትን ሰዓትና ቦታ ይመዘግባል። ወፍ ለመከላከል የተደረገውንም እንዲሁ፦ ገመዱ የሚጣለው ከጎን ነው ወይስ ከኋላ? ማጥመጃው ሰማያዊ ቀለም ተነክሯል? የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚደፋው መቼና በየትኛው በኩል ነው?

ለምን ይህ ሁሉ? አንድ ኤሊ በ1,000 መንጠቆ መምጣቱና አንድ ኤሊ በ100,000 መንጠቆ መምጣቱ ሁለት የተለያየ ታሪክ ስለሆነ ነው። ኤሊውን ያየ ሁሉ ይጽፈዋል፤ ማካፈያውን የሚጽፍ ግን ከታዛቢው በቀር ማንም የለም። ምንም ያልመጣበት ጉዞም ሙሉ መዝገብ ነው። ባዶ እጁን የተመለሰ የሚመስለው ታዛቢ "ከዚህን ያህል ሺህ መንጠቆ አንድም አልመጣም" የሚል ዜና ይዞ መጥቷል። በቱና መርከቦች ላይ ይህ የበለጠ ይጎላል፤ ለብዙ ዓመታት ታዛቢ የሚሳፈረው ከጉዞዎቹ 20 በመቶ ገደማ ላይ ብቻ ስለነበር የታየው አንድ፣ በግርድፉ ሲሰላ፣ ለአምስት ይቆማል። አንድ ስሕተትም እንዲሁ አምስት ጊዜ ይባዛል።

ደረጃ 4፦ ውኃውን የሚያዩበት ቦታ ላይ ይቁሙ

ገመዱ ሲጎተት እስከ አሥር ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የሚመቸው ጥላ ሥር ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣውን መቁጠር ነው። ችግሩ ትልልቆቹ እንስሳት አለመውጣታቸው ነው። ሌዘርባክ ኤሊ ገና ውኃ ውስጥ ሳለ ገመዱ ይቆረጥለታል፤ ዶልፊን ታግሎ መንጠቆውን አጣምሞ ይሄዳል። ስለዚህ ገመዱ ከውኃው የሚወጣበትን ነጥብ የሚያሳይ፣ ለሠራተኞቹ የማያስቸግርና የተወጠረ ገመድ ቢበጠስ ፊትዎን የማይገርፍ ቦታ ከካፒቴኑ ጋር ተነጋግረው አስቀድመው ይምረጡ።

ምሳ ለመብላት ከወረዱ ይጻፉት። "ከ1310 እስከ 1335 አላየሁም" የሚል መስመር የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ያንን 25 ደቂቃ እንዳዩት አድርጎ ማለፍ ነው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዋ ደቂቃ

"ኤሊ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ይሯሯጣል። እርስዎ ከመሮጥዎ በፊት አራት ነገር ይያዙ፦ ሰዓቱን፣ መንጠቆው ከተንሳፋፊው ስንተኛ እንደሆነ፣ እንስሳው ይንቀሳቀስ እንደሆነና መንጠቆው ወይም ገመዱ የት እንደያዘው። ቅደም ተከተሉ እንደዚህ የሆነው እነዚህ አራቱ የሰው እጅ ከነካቸው በኋላ ስለማይመለሱ ነው። ኤሊው ወለሉ ላይ ከወጣ፣ መንጠቆው ከተነቀለ በኋላ "ሲመጣ እንዴት ነበር?" የሚለው ጥያቄ በትዝታ ብቻ ይመለሳል፤ ትዝታ ደግሞ በአሥረኛው ሰዓት የደከመ ሰው ትዝታ ነው።

ውኃ የማይበግረው ትንሽ ደብተርና እርሳስ ኪስዎ ውስጥ ይሁኑ። እስክሪብቶ ለቢሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሠራተኞቹ ይተዉላቸው። ኤሊን በገመዱ ወደ ላይ መጎተት ክልክል ነው፤ ትንሹ በእጀታ መረብ ይወጣል፣ ትልቁ በረጅም እጀታ መቁረጫ ከውኃው ሳይወጣ ይገላገላል። የባሕር አጥቢ ከሆነ ካፒቴኑ ራሱ ቆሞ አለቃቀቁን ይመራል። ታዛቢው ቢጠየቅ ይረዳል፤ ነገር ግን ሁለቱ እጆቹ ሥራ ከያዙ ማን ይጽፋል?

ደረጃ 6፦ ማን እንደሆነ ይለዩ፤ ካልለዩ አልለየሁም ይበሉ

ካፒቴኑ ሃያ ዓመት ባሕር ላይ ኖሯል። "ሎገርሄድ ነው" ካለ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን ስላለ ብቻ መጻፍ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" የሚባለው ይሆናል። እርስዎ የሚጽፉት ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙን ያሰጡትን ምልክቶች ነው።

ለኤሊዎች መነሻው የጀርባ ቅርፊቱ ነው። ሌዘርባክ ሰሌዳ የሚባል ነገር የለውም፤ ጀርባው ቆዳ ለብሶ ከአንገት ወደ ጅራት የሚወርዱ ሸንተረሮች ያሉት ነው። የቀሩትን ለመለየት መካከለኛውን መስመር ትተው በጎንና ጎን ያሉትን ትልልቅ ሰሌዳዎች ጥንድ በጥንድ ይቁጠሩ። አምስት ጥንድ ሆኖ የመጀመሪያው ጥንድ አንገት ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ከነካት፣ ጭንቅላቱም ከአካሉ ጋር ሲተያይ ትልቅና ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ ከሆነ፣ ሎገርሄድ ነው። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ቅርፊቱ ክብ የሚመስልና ግራጫማ አረንጓዴ ከሆነ ኦሊቭ ሪድሊ ሊሆን ይችላል። አራት ጥንድ ካገኙ ወደ ፊቱ ይዙሩ፦ በዓይኖቹ መካከል አንድ ጥንድ ረጃጅም ቅርፊት ካለ አረንጓዴው ኤሊ ነው፤ ሁለት ጥንድ ካለና አፉ እንደ ጭልፊት የቀጠነ ከሆነ ሆክስቢል። ቁጥሩን ራሱን በግራና በቀኝ ለይተው ይጻፉ፤ ተፈጥሮ አንዳንዴ በአንድ ጎን አምስት፣ በሌላው ስድስት ትሰጣለች።

ወፎች ላይ ወጥመዱ ሌላ ነው። ጥቁር እግሩ አልባትሮስ መላ አካሉ ጠቆር ያለ ነው፤ ምንቃሩም ጥቁር። ብርቅ የሆነው አጭር ጭራ አልባትሮስ ካደገ በኋላ ነጭ ላባና ወርቃማ ራስ አለው፤ ጫጩትነቱን የጨረሰ ወጣት ሳለ ግን እንደዚያኛው ጥቁር ነው። የሚለየው ሐምራዊ ሮዝ የሆነው ትልቅ ምንቃሩ ነው። ምንቃሩን ሳያዩ "ጥቁር እግር" ብለው ያለፉት ወፍ ምናልባት ጃፓን ውስጥ ቶሪሺማ ደሴት ላይ ከተፈለፈሉት ጥቂቶች አንዱ ነበር።

ከሁሉም የሚያስቸግሩት ጥቋቁር ዶልፊኖች ናቸው። ፎልስ ኪለር ዌል የሚባለው፣ ስሙ ዓሣ ነባሪ ያስመስለው እንጂ የዶልፊን ወገን የሆነው አጥቢ፣ መንጠቆ ላይ ያለውን ቱና ይበላና የዓሣውን ጭንቅላት ብቻ ያስቀራል። በዚያው ራሱ ይያዛል። ሰውነቱ ቀጠን ያለ፣ ራሱ የተድበለበለና ምንቃር የሌለው ነው። ፓይለት ዌል ደግሞ ግንባሩ ወደ ፊት ያበጠ ነው፤ የጀርባ ክንፉም ሥሩ ሰፊ ሆኖ ወደ ራሱ ቀረብ ይላል። በሌሊት፣ በመብራት ነጸብራቅ፣ በማዕበል መካከል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ መዝገቡ ራሱ መውጫ አበጅቷል፦ "ብላክፊሽ"፣ ማለትም ከጥቋቁሮቹ አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ ያልታወቀ። ተንታኞች እነዚህን ያልታወቁ ቁጥሮች በኋላ በስሌት ለየዝርያው ያከፋፍሏቸዋል። ታዛቢው በድፍረት ገምቶ ስም ሲሰጥ ግን ስሌቱ የሚያርመው ነገር አያገኝም፤ ግምቱ እውነት ለብሶ ያልፋል።

ደረጃ 7፦ ቁስሉን ይግለጹ፣ አይፍረዱ

"በመጠኑ ተጎድቷል" የሚባል ነገር አይጻፍ። መጠኑ በማን ሚዛን ነው?

የባሕር አጥቢ ላይ የደረሰ ጉዳት "ከባድ" ነው የሚባለው ወደ ሞት የማድረስ ዕድሉ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። ይህን የሚወስኑት ግን መርከቡ ላይ ያለው ታዛቢ ሳይሆን ማስታወሻውንና ፎቶውን ይዘው በቢሮ የሚቀመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ውሳኔያቸው ትልቅ ነገር ያንቀሳቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የፎልስ ኪለር ዌል ደንብ መሠረት፣ ከሃዋይ ደሴቶች በስተደቡብ ያለ ሰፊ የማጥመጃ ክልል እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ለቱና መርከቦች የተዘጋው ታዛቢዎች በመዘገቧቸው ጥቂት እንስሳት ምክንያት ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ "ገመዱ ረጅም ነበር" የሚል ዓረፍተ ነገር ቢገባ ለባለሙያዎቹ ምን ይጠቅማቸዋል?

ለኤሊዎችም እንዲሁ ነው። በኋላ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ የሚገመተው በሁለት ጥያቄ ነው፦ መንጠቆው የት ነበር? ሲለቀቅ ምን ያህል ገመድ ይዞ ሄደ? ስለዚህ መንጠቆው በውጭ አካሉ ላይ፣ በአፉ ውስጥ ወይም ተውጦ መሆኑን ይለዩ፤ በአፉ ከሆነ ላይኛው መንጋጋ፣ ታችኛው፣ ምላስ ወይስ ጉሮሮ? ጫፉ ይታያል ወይስ አይታይም? የቀረው ገመድ ከቅርፊቱ ርዝመት ግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ይህቺ "ግማሽ" የዘፈቀደ አይደለችም፤ ግምቱ የሚከፈለው እዚያ ላይ ነው። ረጅም ገመድ መቅዘፊያውን ይጠመጥማል፣ ኤሊው ሲውጠው ደግሞ አንጀቱን ያቆስላል።

መንጠቆው ራሱ ከተገኘ ያስቀምጡት። የቱና መርከቦች ሽቦው ከ4.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ክብ መንጠቆ እንዲጠቀሙ የታዘዙት ከባዱ እንስሳ ሲስብ ገመዱ ሳይበጠስ መንጠቆው ተቃንቶ እንዲለቅቀው ነው። ተቃንቶ የመጣ መንጠቆ ከአንድ ገጽ ጽሑፍ በላይ ይናገራል።

ደረጃ 8፦ መርከቡ ላይ ከወጣ ይለኩ

ኤሊ ከሆነ የቅርፊቱን ርዝመት በአንገት በኩል ካለው ጠርዝ መካከል እስከ ጅራት በኩል ያለው የቅርፊቱ ጫፍ፣ በሚተጣጠፍ ሜትር ጉብታውን ተከትለው፣ በካሊፐር ደግሞ ቀጥታውን ይለካሉ። የትኛውን እንደለኩ ካልጻፉ ቁጥሩ ፋይዳ የለውም። ከዚያ መቅዘፊያዎቹ ላይ የቆየ የብረት መለያ ካለ ይፈልጉ፤ ካለ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ በጨውና በዝገት ውስጥ 3 እና 8 ወንድማማች ናቸው። ከሌለና ከሠለጠኑበት አዲስ ይለጥፉ። የቆዳ ናሙናዋ ትንሽ ናት፤ የምትናገረው ግን ሩቅ ነው። በሰሜን ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚገኙት ሎገርሄዶች የሚፈለፈሉት ጃፓን ዳርቻ ላይ ነው፤ ሌዘርባኮቹ በብዛት ከፓፑዋና ከአካባቢዋ ይመጣሉ። ይህ የታወቀው በእንደነዚህ ያሉ ናሙናዎች ጭምር ነው።

ካልለኩ "ገምቻለሁ" ይበሉ፤ በምን እንደገመቱም ይጨምሩ።

ደረጃ 9፦ ራሱን የሳተ ኤሊ

የማይንቀሳቀስ ኤሊ ሁሉ ሬሳ አይደለም። ውኃ ውስጥ ታፍኖ የቆየ ኤሊ ሰዓታት ቆይቶ ሊነቃ ይችላል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በሆዱ ያስተኙት፤ ከኋላ በኩል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ሳንባው ውስጥ የገባው ውኃ እንዲወጣ። በጥላ ሥር፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ከ4 እስከ 24 ሰዓት ያቆዩት። በየጊዜው ዓይኑን ወይም ጅራቱን በቀስታ ነክተው ይሞክሩ። እያንዳንዱን ሙከራ ከነሰዓቱ ይጻፉ፦ "1900 ምላሽ የለም፤ 2130 ጅራቱን ሰበሰበ"። ሲነቃ ሞተሩ ከማርሽ ወጥቶ፣ የማጥመጃ ዕቃ ከሌለበት ጎን ቀስ ብሎ ይለቀቃል።

ደረጃ 10፦ የወፍ እግር ይመልከቱ

ወፍ በሕይወት ካለ ክንፎቹ ታጥፈው፣ ምንቃሩ ተይዞ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ሳይደፈን ይያዛል። ከሞተ ሬሳው ላይ መለያ አድርገው በረዶ ቤት ያስገቡት። በሁለቱም ሁኔታ እግሩን ይዩ። ቀለበት ካለ ቁጥሩን ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሡ።

ቀለበት ምን ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ሚድዌይ ደሴት ላይ ያለችውን ዊዝደም የምትባል ሌይሳን አልባትሮስ ማሰብ ይበቃል። የወፍ ተመራማሪው ቻንድለር ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1956 ቀለበት አሰረላት፤ በ2002 እዚያው ደሴት ላይ ሌላ ወፍ መስላው ቀለበቷን ቀየረና በኋላ መዝገቡን ወደ ኋላ ሲያገላብጥ ከ46 ዓመት በፊት ራሱ ያሰረላት መሆኗን አወቀ። ያን ዕለት አንዲት አሐዝ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዋን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ደረጃ 11፦ ፎቶ

በመጀመሪያው ምስል ላይ የጉዞ ቁጥር፣ ቀንና የናሙና ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይግባ። ቀጥሎ ሙሉ አካሉ፣ ራሱ ከላይና ከጎን፣ ቅርፊቱ ከነሜትሩ፣ መንጠቆው ያለበት ቦታ በቅርብ። ለዶልፊን የጀርባ ክንፉ፣ ግንባሩና የተንጠለጠለው ገመድ ይቅደሙ። ቆንጆ ፎቶ አያስፈልግም። ፌስቡክ ላይም አይወጣም፤ ታዛቢው የሚሰበስበው መረጃ በሕግ የተጠበቀ ምሥጢር ነው፤ ካፒቴኑ በሩን የሚከፍትልዎትም በዚያ ተማምኖ ነው።

ደረጃ 12፦ ትረካው

ቅጹ ሳጥኖች አሉት፤ ከሳጥኖቹ ሥር ባዶ ቦታ አለ። ሰነፍ ታዛቢ የሚታወቀው እዚያ ነው። መጥፎው እንዲህ ይመስላል፦

"ጠዋት ላይ ትልቅ ሌዘርባክ መጣ። ብዙም አልተጎዳም። ሠራተኞቹ በጥሩ ሁኔታ ለቀቁት፤ ደህና ሆኖ ሄደ።"

"ደህና" የሚለው ቃል የሐኪም እንጂ የታዛቢ አይደለም። ያንኑ ሁኔታ እንዲህ ቢጽፉትስ፦

"0642፣ ከተንሳፋፊው 3ኛ መንጠቆ። ሰሌዳ የሌለው፣ ባለ ሸንተረር ጥቁር ጀርባ። መርከቡ ላይ አልወጣም። መንጠቆው በግራ የፊት መቅዘፊያ ብብት፤ ጫፉ በውጭ ይታያል። ገመድ አልተጠመጠመበትም። ካፒቴኑ ሞተሩን ከማርሽ አወጣ። 0651 ሠራተኛ በረጅም እጀታ መቁረጫ ገመዱን ቆረጠ፤ መንጠቆው አልወጣም፤ የቀረው ገመድ በግምት 30 ሳ.ሜ.። የቅርፊቱ ርዝመት በግምት 140 ሳ.ሜ.፣ የመርከቡ ጎን ላይ ካለ ምልክት ጋር በማስተያየት። ከተለቀቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ ተነፈሰ፤ ጠለቀ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።"

ምሳሌዎቹ የእኔ ናቸው። በሁለተኛው ውስጥ አንድም የምስጋና ወይም የወቀሳ ቃል የለም፤ ካፒቴኑ ደንቡን መጠበቁ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትረካውን በዚያው ቀን፣ ሳይተኙ ይጻፉ። ሦስት ኤሊዎች በሦስት ቀን ከመጡ በአራተኛው ቀን መቅዘፊያዎቹ ይቀላቀላሉ።

ደረጃ 13፦ ያሳውቁ፣ ራስዎንም ይጠብቁ

የቁጥር ጣሪያ ያለባቸው እንስሳት ሲመጡ ወደብ እስኪገቡ አይጠበቅም፤ በሳተላይት መገናኛ ለሆኖሉሉው ቢሮ ይነገራል። ይህ መልእክት መርከቡን ሊያስመልስ ስለሚችል ለካፒቴኑ አስቀድመው ይንገሩት። ከጀርባው የተላከ መልእክት በጠባብ መርከብ ላይ ቂም ይሆናል።

እንዲሰርዙ ቢጠየቁ፣ ቢዛትብዎት፣ መቆሚያዎን ቢከለከሉ እሱም ይመዘገባል፤ ሰዓቱ፣ ቃሉ፣ ማን እንደነበረ። ታዛቢን ማስፈራራት በሕግ ያስጠይቃል። ነገሩ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም፦ አሜሪካዊው ታዛቢ ኪት ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፔሩ ርቆ በሚገኝ ባሕር ላይ በሥራ ላይ ሳለ ከመርከብ ጠፍቶ ቀርቷል። ብዙው ጉዞ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ታዛቢውና ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊሊፒንስ ወይም ከኪሪባቲ የመጡት መርከበኞች በአንድ ድስት ሩዝ ሲበሉ ይከርማሉ።

ደረጃ 14፦ ከወደብ በኋላ

ሲመለሱ አንድ መርማሪ አብሮዎት ይቀመጣል፤ ቅጹን፣ ደብተሩን፣ ፎቶውንና ናሙናውን ገጽ በገጽ ያስተያያል። የደብተሩ ሰዓት 0642፣ የቅጹ 0624 ከሆነ ያገኘዋል። እዚያ ላይ ቅጹን እንደገና ንጹሕ አድርጎ ለመገልበጥ የሚያምረው ሰው ብዙ ነው። አይገለበጥም። የተሳሳተው በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ። ትክክለኛው በጎኑ ይጻፋል፣ ፊርማና ቀን ይከተለዋል። የጨው ነጠብጣብና የዓሣ ደም ያረፈበት ደብተርም እንዳለ አብሮ ይገባል። ላጲስ ከመጀመሪያውም ቦርሳ ውስጥ አይገባም።